ባቡሩ ሳይመጣ
(ሐራ ላይ ስለ እግረኞችና ስለ ሐዲድ በተዘጋጀ ሥልጠና የቀረበ የመክፈቻ ንግግር)



እ.ኤ.አ. መስከረም 15 ቀን 1830 በእንግሊዝ ከሊቨርፑል እስከ ማንቸስተር የተዘረጋው የባቡር መስመር ይመረቅ ነበር። ዊልያም ሃስኪሰን የተባሉት የሊቨርፑል የሕዝብ ተወካይ ከቆመው ባቡር ወረዱና ጠቅላይ ሚኒስትሩን ዌሊንግተንን ሰላም ሊሉ ቀረቡ። በጎን ባለው ሐዲድ «ሮኬት» የተባለው ባቡር ደረሰባቸው። እግራቸውን ቀጠቀጠው፤ ያን ዕለት ማታም አረፉ። ሰውየው ባቡርን የማያውቁ ባላገር አልነበሩም፤ ከመስመሩ ደጋፊዎች አንዱ ነበሩ።

ሐራ ይህን ታሪክ ባቡሩ ሳይመጣባት ቀድማ የመስማት ዕድል አላት።

ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ አድርጎ ሐራ ገበያ የሚደርሰው መስመር ወደ 390 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። የቱርኩ ኩባንያ ያፒ መርከዚ ግንባታውን የጀመረው በ2007 ዓ.ም. ነው። የኤሌክትሪክ አቅርቦት መጓተቱና በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ወቅት የደረሰበት ጉዳት ተደራርበው መደበኛ አገልግሎቱን አዘገዩት። አደጋው ያለውም እዚህ ላይ ነው። ባቡር የማይሄድበት ሐዲድ ለዓይን የተመቻቸ የእግር መንገድ ይመስላል፤ ጭቃ የለው፣ ዳገት የለው። በዚህ ዝምታ ያደገ ልጅ ባቡሩ የመጣ ቀን ልማዱን በአንድ ሌሊት አይተውም።

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከተማዋ መኪና ለምዳ የኖረች ነበረች። እንዲያም ሆኖ መሻገሪያው የራቀበት እግረኛ አጥር ዘልሎ ማቋረጡን አልተወም። ሐራ ደግሞ ስሟ እንኳ ከገበያ አይለይም፤ ሸክም የያዘች እናት፣ አህያ የሚነዳ ጎረምሳና ግመል የሚጎትት ነጋዴ የሚገናኙባት ናት።

ቁጥሩን እንመልከት። በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ባቡር በአንድ ሰከንድ 33 ሜትር ይጓዛል። ሐዲዱን ለማቋረጥ አምስት ሰከንድ የሚፈጅበት ሰው መሐል እስኪደርስና እስኪያልፍ ባቡሩ ከ160 ሜትር በላይ ቀርቧል። የብረት ጎማ በብረት ላይ ቶሎ አይይዝም፤ ከባድ ጭነት የጫነ ባቡር ፍሬን ከያዘ በኋላ አንድ ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ሊሄድ ይችላል። አሽከርካሪው እንደ መኪና ሹፌር መሪ ማዞር አይችልም፤ ያለው ጡሩምባና ፍሬን ብቻ ነው። ዓይንም ያታልላል፦ ግዙፍ ነገር ከሩቅ ሲታይ ቀስ ያለ ይመስላል። የኤሌክትሪክ ባቡር ደግሞ እንደ ድሮው የናፍጣ ባቡር ከሩቅ አያጓራም።

ከሐዲዱ በላይ የሚዘረጋው ሽቦ ለብቻው ሌላ ጉዳይ ነው። 25,000 ቮልት የሚሸከም ሽቦ ሳይነኩት፣ ስለቀረቡት ብቻ ሊገድል ይችላል። ረጅም ቀርከሃ፣ ቆርቆሮ ወይም ብረት ተሸክሞ ከሥሩ ማለፍ፣ በጭነት ፉርጎ ጣራ ላይ መውጣት አይሞከርም።

በባቡር የተገጨ ሰው ከሞት ቢተርፍ እንኳ ብዙ ጊዜ እጁን ወይም እግሩን ያጣል። ስለዚህ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በዚህ ሥልጠና ደም ማቆምን ይለማመዳሉ፤ ከዚያ በፊት ግን ሌላ ባቡር አለመምጣቱንና ሽቦው አለመውደቁን ማረጋገጥን ይማራሉ። መምህራን ልጆች በተፈቀደው መሻገሪያ ቆመው ግራና ቀኝ እንዲያዩ ያሠለጥናሉ። አንዱ ባቡር ካለፈ በኋላም ከሌላው አቅጣጫ የሚመጣ እንዳለ ማየት አይዘነጋም። ሽማግሌዎች ከብት የሚሻገርበትን ቦታ ከመሐንዲሶች ጋር ቁጭ ብለው እንዲወስኑ ይጠበቃል፤ አጥር ቢሠራ እንኳ እረኛው ካልተማከረ ማፍረሱ አይቀርም።

የዚህ ሥልጠና ተሳታፊዎች ወደየቀበሌያቸው ሲመለሱ ትምህርቱን መጀመሪያ ለእረኞቹና ለተማሪዎቹ እንዲያደርሱ አደራ እየተባለ፣ ሥልጠናው በይፋ ተከፍቷል።