አቀንጭራ ከማሽላ ሥር ውኃና ምግብ እንዴት እንደሚስብ



በማሽላ እርሻ መካከል የሚያብበው ሐምራዊ አበባ ለዓይን ያማረ ነው፤ ለገበሬው ግን ኀዘን ነው። ስሙም አቀንጭራ ይባላል። ላዩን ሲያዩት ለብቻው የቆመ ሣር ይመስላል፤ ከመሬት በታች ግን ከማሽላው ሥር ጋራ ተጣብቆ በሌላው ድካም ይኖራል።

የአቀንጭራ ዘር እንደ ትቢያ የደቀቀ ነው። አንዱ ተክል በብዙ ዐሥር ሺሕ የሚቈጠር ዘር ያፈራል፤ ዘሩም በአፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሳይሞት ሊቈይ ይችላል። ዝናም ቢያገኝም ብቻውን አይበቅልም፤ የማሽላ፥ የበቆሎ ወይም የዳጉሳ ሥር እስኪቀርበው ይጠብቃል። ማሽላ መሬቱ በከሳ ጊዜ፥ ምግብ የሚያቀርቡለትን ረቂቃን የአፈር ሻጋታዎች ለመጥራት ከሥሩ አንድ ቅመም ያፈልቃል። ለወዳጅ የተላከው ይህ ጥሪ ሌባውን ይቀሰቅሰዋል።

የነቃው ዘር ቀጭን ሥር ያወጣል፤ የሥሩም ጫፍ አብጦ መምጠጫ ይሆናል። ይህም መምጠጫ የማሽላውን ሥር በስቶ ከውኃው መተላለፊያ ጋራ ይጋጠማል። አቀንጭራው ከመሬት እስኪወጣ ድረስ ብዙ ሳምንት በጨለማ ስለሚኖር፥ ምግቡ ሁሉ ከማሽላው ነው፤ ከጉዳቱም የሚበዛው በዚሁ ጊዜ ይደርሳል። ከወጣም በኋላ፥ ማሽላው ተጠምቶ የቅጠሉን ቀዳዳዎች በሚዘጋበት ሰዓት እንኳ የአቀንጭራው ቀዳዳዎች ተከፍተው ይቈያሉ። ስለዚህ ውኃው፥ በውስጡም የሟሟው ምግብ፥ ወደ እርሱ ይሳባል።

እንግዲህ መድኀኒቱ ምንድር ነው? አንደኛ፥ አቀንጭራውን ዘር ሳያፈራ መንቀል ነው፤ ይህ የዘንድሮውን አዝመራ ባያድን የሚመጣውን ያድናል። ሁለተኛ፥ መሬቱን በፍግ ማወፈር ነው። ሦስተኛ፥ ጥጥ ወይም አኩሪ አተር እያፈራረቁ መዝራት ነው፤ የእነዚህ ሥር አቀንጭራውን ያስነሣዋል እንጂ አያጠባውምና በቅሎ ይሞታል። አራተኛ፥ አቀንጭራን የሚቋቋም ዘር መምረጥ ነው። ትውልደ ኢትዮጵያዊው ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ እንዲህ ያለውን የማሽላ ዘር በማውጣታቸው፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2009 ዓ.ም. የዓለም የምግብ ሽልማት ተቀብለዋል።

መምህራን ሆይ፥ ማሽላውንና አቀንጭራውን አብራችሁ ቈፍራችሁ አፈሩን በውኃ ቀስ ብላችሁ አጥባችሁ፥ የተጣበቀውን ሥር ለልጆች አሳዩ። ሽማግሌዎችም ሆይ፥ ዘሩ በጐርፍና በነፋስ ከእርሻ ወደ እርሻ ስለሚሻገር፥ አንዱ ነቅሎ ጎረቤቱ ቢተወው ድካሙ ከንቱ ነው፤ መንደሩ በአንድነት ይነቅል ዘንድ ምከሩ።