በጃንጥላ ስለ መውረድና ስለ ራስ ኃላፊነት

(በተማሪዎች ማኅበር የዓርብ ማታ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




የማኅበሩ የክርክር ክፍል «ከአውሮፕላን ላይ በጃንጥላ ስለሚዘሉ ሰዎች ንገሩን» ብሎ ባዘዘን ጊዜ ከእናንተ ብዙዎቹ ሳቁ። ሳቁም ያለ ምክንያት አልነበረም። ይህን ንግግር ካዘጋጀነው መካከል ከአውሮፕላን የዘለለ ይቅርና፣ ከአዘዞ ተነሥቶ በአውሮፕላን የሄደ ስንኳ አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ የምናቀርበው የባለሙያ ምስክርነት ሳይሆን አንብበውና ተከራክረው የተረዱ ተማሪዎች ሐሳብ ነው። ነገር ግን ጉዳዩን እንድንመረምረው ያስገደደን እዚሁ ከተማችን ውስጥ፣ ዓይናችን እያየ የተፈጸመ ነገር ነው። እርሱንም ሳንደብቅ በቦታው እንናገራለን።

በመጀመሪያ የነገሩን ጠባይ እንይ። ለጨዋታ የሚዘል ሰው ብዙውን ጊዜ ከምድር 4,000 ሜትር ያህል ከፍ ካለ በኋላ ከአውሮፕላኑ ይወጣል። አንድ ደቂቃ ገደማ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ይወርድና፣ ምድር ሳይቀርበው ገና 1,000 ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ሲቀረው ጃንጥላውን ይከፍታል። የቀድሞው ጃንጥላ ክብ ነበር፤ ሥራውም ውድቀትን ማዘግየት ብቻ ነበር። በአገራችን በ1950ዎቹ ዓ.ም. በእስራኤላውያን አሠልጣኞች እርዳታ የሠለጠነው የአየር ወለድ ጦር ይወርድ የነበረው በዚህ ዓይነቱ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1960ዎቹ ግን ዶሚና ጃልበርት የተባለ ሰው ነፋስ ሲገባበት እንደ ክንፍ የሚነፋ ባለ አራት ማዕዘን ጃንጥላ ፈጠረ። ከዚያ ወዲህ ጃንጥላ ተንጠልጥለው የሚወርዱበት ጨርቅ መሆኑ ቀርቶ የሚነዱት ክንፍ ሆነ። ዘላዩም ከዚያ በኋላ ነጂ ነው፤ ነጂ የሆነ ሰው ደግሞ ስለሚሄድበት መንገድ ይጠየቃል።

መሣሪያው ከዚያ በኋላም እየተሻሻለ መጣ። እያንዳንዱ ዘላይ ከዋናው ሌላ፣ የታወቀ ባለሙያ ያጠፈው መጠባበቂያ ጃንጥላ ይይዛል። በእጁ ላይ ከፍታ መለኪያ ያስራል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1991 ደግሞ ሄልሙት ክሎት የተባለ ጀርመናዊ፣ ዘላዩ ራሱን ቢስት ወይም ከፍታውን ቢዘነጋ መጠባበቂያውን በራሱ ጊዜ የሚያስከፍት መሣሪያ ለገበያ አቀረበ። በዚህ ሁሉ ምክንያት በአሜሪካ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1970ዎቹ በያመቱ በአማካይ ከ40 በላይ ሰዎች ይሞቱበት የነበረው ጨዋታ፣ በ2023 3.65 ሚሊዮን ያህል ዝላይ ተደርጎ የሞቱት 10 ሆኑ።

ታዲያ ዛሬ የሚሞቱት በምን ይሞታሉ? እኛን ያስደነቀን መልሱ ነው። ጃንጥላው አልከፈት ብሎ ይመስለን ነበር። ነገር ግን ከሟቾቹ ብዙዎቹ ጃንጥላቸው በደኅና ተከፍቶ፣ አንዳች እንከን ሳይኖርበት፣ ምድር ሊነኩ ጥቂት ሲቀራቸው የሞቱ ናቸው። ምክንያቱ እንዲህ ነው። የጃንጥላው ስፋት ከዘላዩ ክብደት ጋር ሲነጻጸር ባነሰ መጠን ፍጥነቱ ይጨምራል፤ መሪ ገመዱን ጥቂት ቢስቡት ፈጥኖ ይዞራል። ሲዞርም አፍንጫውን ወደ ምድር ደፍቶ ይወርዳል፤ እንደገና ለመቃናትም ከፍታ ያስፈልገዋል። ይህን የሚያውቁ ጥበበኞች ሆን ብለው ጃንጥላውን አስደፍተው፣ በመጨረሻው ቅጽበት አቃንተው፣ በውኃ ወይም በሣር ላይ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ፍጥነት ይንሸራተታሉ። ሲያዩት እጅግ ያምራል። ያን ዙር አሥር ሜትር ዝቅ ብሎ የጀመረው ግን ለመቃናት የሚሆን ከፍታ የለውም፤ ጃንጥላው ደኅና ሳለ ሰውዬው ከምድር ጋር ይጋጫል።

ከሙያው አዋቂዎች አንዱ ቢል ቡዝ ስለዚህ ሲናገር፣ መሣሪያው አስተማማኝ በሆነ መጠን ዘላዩም አብልጦ ስለሚደፍር የሟቾቹ ቁጥር ባለበት ይኖራል የሚል ሐሳብ አቅርቧል። ከላይ የጠቀስነው ቁጥር ይህን ሐሳብ በከፊል ይቃወመዋል፤ ሞት በእርግጥ ቀንሷልና። የሐሳቡ ፍሬ ግን እውነት ነው። መሣሪያ የመሣሪያን ጉድለት ይሸፍናል እንጂ የሰውን ውሳኔ አይሸፍንም።

ነገሩን ወደ አገራችን ስናመጣው ሌላ ትምህርት እናገኝበታለን። ከፍ ባለ አገር አየሩ ስስ ነው። በደባርቅ፣ ማለትም በ2,800 ሜትር ከፍታ ላይ፣ አየሩ ከባሕር ጠረፍ በሩብ ያህል ይሳሳል። የፊዚክስ ተማሪዎቻችን እንዳሰሉልን፣ በባሕር ጠረፍ የተለማመደ ዘላይ በዚያው ጃንጥላ ደባርቅ ላይ ቢያርፍ ፍጥነቱ 15 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ የሚመታው የግጭት ኃይል ደግሞ በአንድ ሦስተኛ ያህል ይበልጣል። እጁ የለመደው፣ ዓይኑም የመጠነው ሁሉ በዚህ አገር ያታልለዋል። ነፋስ የስሜንን ገደል ተሻግሮ ሲወርድ የሚፈጥረው አዙሪት ሲጨመርበት ነገሩ የባሰ ነው። እንግዲህ ሙያ በአንድ ቦታ ተገኝቶ በሁሉ ቦታ የሚሠራ ሀብት አይደለም ማለት ነው። ዋልያ በዚያ ገደል ላይ ያለ ፍርሃት የሚሄደው ተወልዶ ያደገበት ስለሆነ ነው፤ እኛ ግን በዓመት አንድ ጊዜ ስሜን ስንወጣ ከገደሉ አፍ ቆመን ፎቶግራፍ እንነሣለን።

የአገራችን ታሪክም ስለዚህ ጉዳይ ሁለት ሰዎች ያሳየናል። የመጀመሪያው በትሪኒዳድ የተወለደው ሁበርት ጁልያን ነው። በኒው ዮርክ ሃርለም ሰማይ ላይ በጃንጥላ በመዝለል ስም ያተረፈ ሰው ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1930 ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በቤተ መንግሥቱ ሰዎች ፊት በጃንጥላ ወረደ። አገሩ አውሮፕላን ካየ ገና አንድ ዓመት ያህል ነበርና ሕዝቡ ተደነቀ፤ ጁልያንም ተሾመ፣ ተሸለመ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ከተከበረው የዘውድ በዓል ጥቂት ቀደም ብሎ ግን፣ ለልምምድ በተሰበሰበው ሰው ፊት ለንጉሠ ነገሥቱ የመጣችውን አዲስ አውሮፕላን አስነሥቶ ከባሕር ዛፍ ጋር አጋጫት፤ ከአገርም እንዲወጣ ታዘዘ። በጃንጥላ መዝለል መቻሉ አውሮፕላን ለመንዳት ያበቃው መስሎት ነበር። አባቶቻችን «አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች» የሚሉት ለእንዲህ ያለው ነው።

ሁለተኛው ጆን ሮቢንሰን ነው። ይህ ሰው በቺካጎ በአንድ የአቪዬሽን ትምህርት ቤት በጠራጊነት ተቀጥሮ ከክፍሉ ጥግ ሆኖ ትምህርቱን እያዳመጠ፣ በኋላም ተማሪ እስከ መሆን የደረሰ ነው። በ1927 ዓ.ም. መጥቶ በጠላት ወረራ ጊዜ ጥቂቶቹን ያልታጠቁ አውሮፕላኖቻችንን ይዞ አገለገለ። ከነፃነት በኋላም ተመልሶ ወጣቶቻችንን በረራ አስተማረ። በመጋቢት 1946 ዓ.ም. ለታመመ ሰው ደም ለማድረስ ሲበር በደረሰበት አደጋ ምክንያት ሞተ። ሮቢንሰንም እንደ ጁልያን አደጋ ላይ ወጥቷል፤ እንዲያውም የሮቢንሰን መጨረሻ የከፋ ነው። እንግዲህ ደግ ዓላማ ያለው ሰው አይወድቅም አንልም። ልዩነቱ ሮቢንሰን ለምንና ለማን እንደሚበር፣ ምን ያህልም እንደሚችል አውቆ መነሣቱ ነው።

አሁን በመግቢያችን ቃል ወደ ገባነው እንመለስ።

ባለፈው የጥምቀት በዓል፣ በፋሲለደስ መዋኛ ውኃው ከተባረከ በኋላ፣ እንደ ልማዱ ወጣቶች ከግንቡና ከዛፎቹ ላይ ወደ ውኃው መዝለል ጀመሩ። ከእኛ መካከል አንድ ጎበዝ ዋናተኛ ነበር። ከሁሉ ከፍ ካለው ቦታ ላይ ወጣ። እኛም ከታች ሆነን ስሙን እየጠራን «ዝለል! ዝለል!» እያልን ጮኽን፤ ስልኮቻችንንም ወደርሱ አነጣጠርን። ውኃው በዚያ ሰዓት በሰው ተሞልቶ ነበር። ጓደኛችን ዘለለ፤ ዝላዩም ያማረ ነበር። ያረፈው ግን በአንድ የ12 ዓመት ልጅ ትከሻ ላይ ነው። የልጁ ትከሻ ተሰበረ። ጓደኛችን አንዳች አልሆነም። ዛሬም በዚህ አዳራሽ ተቀምጧል፤ ይህ እንዲነገር የፈቀደውም እርሱ ራሱ ነው።

በዚያ ሌሊት በመኝታ ክፍላችን ክርክር ተነሣ። አንዱ ወገን «የገዛ ነፍሱ ናት፤ ማንም ሊከለክለው አይገባም» አለ። ሌላው ወገን «ማኅበሩ ዝላይን፣ የስሜንንም ጉዞ ፈጽሞ ይከልክል» አለ። እኛ ሁለቱም ተሳስተዋል እንላለን። «ነፍሱ የራሱ ናት» የሚለው ንግግር ከታች ሌላ ነፍስ መኖሩን ይረሳል። ጥር 11 ቀን 2012 ዓ.ም. በዚሁ በጥምቀተ ባሕሩ ቦታ የእንጨት መቀመጫ ፈርሶ ከ10 የማያንሱ ሰዎች ሞተዋል። እነርሱ አደጋን አልመረጡም፤ በዓል ሊያዩ ነው የተቀመጡት። አውቆ የገባበት አደጋና ሌላ ሰው የሚጭንበት አደጋ አንድ አይደሉም። «ይከልከል» የሚለው ደግሞ ወጣት የሚማርበትን በር ይዘጋል። የተከለከለ ሁሉ ተደብቆ ይደረጋል፤ ተደብቆ የሚዘል ሰው ደግሞ የሚያርመው መምህር የለውም።

ከጃንጥላ ዘላዮቹ የምንወስደው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ዘላዩ በደረጃ ይወጣል፤ ሰፊውን ጃንጥላ በሚገባ ሳይነዳ ጠባቡን እንዲይዝ አይመከርም። ሁለተኛ፣ ገና ከላይ ሳለ የሚያርፍበትን ሜዳ ይመረምራል፤ ከበታቹ ላለው ቅድሚያ ይሰጣል፤ ዙሩ ዘግይቶ ከሆነ ትዕይንቱን ትቶ ቀጥ ብሎ ያርፋል። ሦስተኛ፣ የነፋሱ ነገር ወይም የገዛ ልቡ ካላማረው ከአውሮፕላኑ ጋር ተመልሶ ይወርዳል፤ በደንበኛ ዘላዮች ዘንድም እንዲህ ያደረገውን መሳቅ ነውር ነው። በእኛ ዘንድ ግን ከግንቡ ላይ ወጥቶ ሳይዘል የወረደ ልጅ ዓመት ሙሉ ሲሳቅበት ይኖራል። ጓደኛችን ኋላ እንደ ነገረን፣ ከላይ ሆኖ ውኃው መሙላቱን አይቶ ነበር። መውረድም አስቦ ነበር። የእኛን ጩኸት ሰምቶ አፈረ።

ስለዚህ ከኃላፊነቱ ከፊሉ የእኛ ነው። በእርግጥ የዘለለው እርሱ ነው፤ የርሱን ድርሻ እኛ ልንሸከምለት አንችልም፤ ልንሸከምለትም አንፈልግም። የእኛን ድርሻ ግን እርሱ ብቻውን እንዲሸከም ማድረግ ነውር ነው።

ልጁን ልንጠይቅ ወደ ቤቱ በሄድን ጊዜ እናቱ ቡና አፍልተው ተቀበሉን። አልተቆጡም። «እናንተም ልጆቼ ናችሁ፤ የፈጣሪ ፈቃድ ሆኖ ተርፎልኛል» አሉን። ቀጥለውም «ግን እናንተ ያን ያህል ስትሆኑ ወደ ላይ ብቻ ስታዩ፣ ታች ማን እንዳለ የሚያይ አንድ ሰው አጣችሁ?» ብለው ጠየቁን። መልስ አልነበረንም።

ዩኒቨርሲቲያችን በ1947 ዓ.ም. የተመሠረተው የሕዝብ ጤና ባለሙያዎችን ለማሠልጠን ነው። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ይማሩ የነበረው በሽታ ከመድረሱ በፊት መከላከልን ነው። እኛም በዚያው መንፈስ ለማኅበሩ የሚከተለውን እናሳስባለን። በሚመጣው ጥምቀት ከመካከላችን ሃያ ፈቃደኞች ይመደቡ። ዋና የሚችሉት ከውኃው ዳር ይቁሙ፤ የሕክምና ተማሪዎች ለመጀመሪያ እርዳታ የሚሆነውን ይዘው ይጠብቁ፤ ሁለት ሰዎች ደግሞ ከግንቡ ሥር ቆመው ውኃው ባዶ መሆኑን ሳያረጋግጡ ማንም እንዳይዘል ይንገሩ። ይህም የበዓሉን አስተናባሪዎች አስቀድሞ በማማከርና ከእነርሱ ጋር በመተባበር ይደረግ። በስሜን ጉዟችንም ከቡድኑ አንድ ሰው «እንመለስ» ካለ ያለ ክርክር ይመለሱ፤ ይህን ያለው ሰው ስምም ለቀልድ አይነሣ።

የልጁ ትከሻ እየዳነ ነው፤ እጁን ግን ገና ከራሱ በላይ ማንሣት አይችልም። ለፈቃደኞች መመዝገቢያ የሚሆነው ወረቀት ከበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። የመጀመሪያው ስም የጓደኛችን ነው፤ ቀጥሎ ያለው የእኛ ነው። አሥራ አራት መስመር ባዶ ቀርቷል።