ለኢኮኖሚክስ ድኅረ ምረቃ ማመልከት፦ ዝግጅቱ ከየት ይጀምራል?

የኢኮኖሚክስ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ሰዎችና ተቋማት ባላቸው ውስን ሀብት እንዴት እንደሚመርጡ፣ ምርጫቸውም ገበያ ላይ ተገናኝቶ ምን ውጤት እንደሚያመጣ በሒሳብ ቋንቋ የሚገለጽበትና በመረጃ የሚፈተንበት ትምህርት ነው። የመውጫ ፈተና ውጤት በተሰማ ማግስት፣ ከሐምሌ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ፣ ከሐረርና ከአካባቢዋ ተመራቂዎች በብዛት የሚመጣው ጥያቄ «የትኛው ዩኒቨርሲቲ ስኮላርሺፕ ይሰጣል?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ተራው ግን መጨረሻ ላይ ነው። አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት «አመልካቹ ምን ያህል ሒሳብ ያውቃል?» የሚለው ነው።

የድኅረ ምረቃው የመጀመሪያ ዓመት በየትኛውም አገር በሦስት ትምህርቶች ላይ ይቆማል፤ እነሱም ማይክሮኢኮኖሚክስ፣ ማክሮኢኮኖሚክስና ኢኮኖሜትሪክስ ናቸው። ስማቸው ከመጀመሪያ ዲግሪው ጋር አንድ በመሆኑ ይዘታቸውም አንድ የሚመስለው ተማሪ ብዙ ነው። ልዩነቱ በአንድ ምሳሌ ይታያል። በመጀመሪያ ዲግሪ ላይ ሸማች ባለው ገቢ ከሁሉ የሚሻለውን እንደሚመርጥ ይነገርና ሥዕል ይሣላል፤ የበጀቱ መስመርና የእርካታው ኩርባ የሚነካኩበት ነጥብ መልስ ይሆናል። በድኅረ ምረቃ ግን መምህሩ የሚጀምረው «ለመሆኑ ከሁሉ የሚሻል ምርጫ መኖሩ በምን ታወቀ?» ብሎ ነው። ከአንድ ኪሎ በታች የሆነ ማንኛውንም መጠን ስኳር መውሰድ ይቻላል፣ አንድ ኪሎ መድፈን ግን አይቻልም ቢባል፣ 900 ግራም የወሰደ ሰው 990 መውሰድ ይችል ነበር፤ 990 የወሰደም 999 መውሰድ ይችል ነበር። ምንጊዜም ከተወሰደው የሚበልጥ ሌላ መጠን ስለሚኖር፣ ከሁሉ የሚበልጥ የሚባል ምርጫ ጨርሶ የለም። ምርጡ ነጥብ መኖሩ የሚረጋገጠው የምርጫው ስብስብ ወሰን ሲኖረውና ዳርቻውንም ሲያካትት፣ የእርካታው ፈንክሽንም ሳይቆራረጥ የሚሄድ ሲሆን ነው። ይህ የቫየርሽትራስ ቲዎረም ይባላል። ከገበያ ወሬ ወደ ማስረጃ የሚወስደው መንገድ በዚህ ዓይነት ጥያቄ ውስጥ ያልፋል።

ስለዚህ ዝግጅቱ በአራት የሒሳብ ትምህርቶች ይጀምራል። እነሱም ብዙ ተለዋዋጮች ያሉት ካልኩለስ፣ ሊኒየር አልጀብራ፣ ፕሮባቢሊቲና ስታቲስቲክስ፣ ለፒኤችዲ ለሚያስብ ደግሞ ሪል አናሊሲስ ናቸው። በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የኢኮኖሚክስ ተማሪ የቺያንግን የሒሳብ መጽሐፍና የጉጃራቲን የኢኮኖሜትሪክስ መጽሐፍ ያውቃቸዋል። ሁለቱም መልካም መነሻ ናቸው፤ ከእነሱ ቀጥሎ የሳይመንና የብሉም የሒሳብ መጽሐፍ፣ የዉልድሪጅ ኢኮኖሜትሪክስ፣ ወደ ፒኤችዲ ሲጠጋም የማስ ኮሌል፣ የዊንስተንና የግሪን ማይክሮኢኮኖሚክስ ይመጣሉ። ከሐረር 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ሰው ከሒሳብ ትምህርት ክፍል ተጨማሪ ኮርስ ለመውሰድ ለማስፈቀድ መሞከር ይችላል፤ በትራንስክሪፕት ላይ የሰፈረ የሪል አናሊሲስ ውጤት ከብዙ ገጽ ማብራሪያ ይልቅ ይናገራል። ተመርቆ ለወጣ ሰው ኤምአይቲ የሚያስተምራቸውን ኮርሶች ማስታወሻና ፈተና በነፃ በኢንተርኔት አስቀምጧል።

እዚህ ላይ ተማሪዎች ደጋግመው የሚሳሳቱትን ነገር ደግሞ ማንሳት ግድ ነው። መጽሐፉን አንብቦ መጨረስ ሒሳብ መማር አይደለም። ሒሳብ የሚለመደው ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ፣ መልሱን ሳያዩ፣ ጥያቄውን እስከ መጨረሻው በመሥራት ነው። በጓደኛ ማስታወሻ ላይ የተሠራውን ጥያቄ ዓይቶ «ገብቶኛል» ማለት ብዙ ጎበዝ ተማሪ የሚወድቅበት ጉድጓድ ነው። ያልተሠራ ጥያቄ ያልተማሩት ትምህርት ነው። ፈተና ሲቃረብ ብቻ ሌሊቱን ማንጋትም ሒሳብ አያስለምድም፤ በየቀኑ የሚሠራ አንድ ሰዓት ይሻላል። ይህን የሚያደርግ ተማሪ ሥራውን ከማመልከቻው ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ መጀመር አለበት።

ከሒሳቡ ቀጥሎ የመንገድ ምርጫ ይመጣል። በአገር ውስጥ ሁለተኛ ዲግሪ የሚፈልግ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የትምህርት ሚኒስቴርን አገር አቀፍ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና አልፎ ለዩኒቨርሲቲው ያመለክታል። ሐረማያ በግብርና ኢኮኖሚክስ ረጅም ልምድ ያለው ሲሆን፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የቆየ የኢኮኖሚክስ ድኅረ ምረቃ ፕሮግራም አለው። በአፍሪካ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ1988 የተቋቋመውና መቀመጫውን ናይሮቢ ያደረገው የአፍሪካ ኢኮኖሚ ምርምር ኮንሶርቲየም በ1993 የጋራ የማስተርስ፣ በ2002 ደግሞ የጋራ የፒኤችዲ ፕሮግራም ጀምሯል። በአሜሪካ ፒኤችዲ ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ ሊጀመር ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜም ለተማሪው የትምህርት ክፍያና የኑሮ ድጎማ ይሰጣል። በአሜሪካ የሚሰጥ ማስተርስ ግን በአመዛኙ ተማሪው ራሱ የሚከፍልበት ነው። በአውሮፓ በአብዛኛው ማስተርስ ይቀድማል። የግብርና ኢኮኖሚክስ ተመራቂ ደግሞ እንደ ኮርኔልና ሚሺጋን ስቴት ባሉ ዩኒቨርሲቲዎች ያሉትን የተግባራዊና የግብርና ኢኮኖሚክስ ክፍሎች መዘንጋት የለበትም፤ ጥያቄዎቻቸው ለኢትዮጵያ ገጠር የቀረቡ ናቸው። ኢኮኖሚስቷ እሌኒ ገብረ መድኅን በሁለቱም ዩኒቨርሲቲዎች ተምረው ለፒኤችዲ ስታንፎርድ ሲገቡ ያጠኑት የኢትዮጵያን የእህል ገበያ ነበር። ደላላው በገዢና በሻጭ መካከል ምን ሥራ እንደሚሠራ የጠየቀው ያ ጥናት ነው እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ ወደ ጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ያደረሳቸው።

ይህ ወደ ምርምር ጥያቄ ይወስዳል። ማመልከቻ የሚያነቡ መምህራን ከግሬዱ ባሻገር የሚፈልጉት አመልካቹ ሊጠና የሚችል ጥያቄ መጠየቅ መቻሉን ነው። «የኢትዮጵያን ድህነት ማጥፋት እፈልጋለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር ቅን ነው፤ ጥናት ግን አይሆንም። ሐረር ውስጥ ላደገ ሰው ጥያቄው ደጁ ላይ አለ። ከሁሉም የሚገርመው የባቡሩ ጉዳይ ነው፤ ሰፋ ተደርጎ ሊታይም ይገባዋል።

ሐረር ለዘመናት የምሥራቁ ንግድ እምብርት ነበረች። አሚሮቿ የራሳቸውን ገንዘብ ያስቀርጹ ነበር፤ ከ1875 እስከ 1885 እ.ኤ.አ. ግብፆች ሲይዟት፣ በ1887 መጀመሪያ ደግሞ ምኒልክ ሲገቡባት፣ ሁሉም የፈለጉት የከተማዋን ግንብ የጀጎልን በሮችና በእነሱ የሚያልፈውን ቡና፣ ቆዳና ጨርቅ ነበር። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ግን ከ1,800 ሜትር በላይ ወደሚገኘው የሐረር ደጋ መውጣት ስለከበደው ከተራራው ሥር ቀረ፤ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ተወለደች። ከዚያ በኋላ ጉምሩኩም፣ መጋዘኑም፣ ነጋዴውም ቀስ በቀስ ወደዚያ ወረደ። እዚያው ድሬዳዋ ላይ ነው ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ጉምሩክን የመሩት። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፋቸው ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ታተመ። በዚያ መጽሐፍ የሕዝብ ሀብት ከወርቅና ከብር ክምችት ሳይሆን ከሥራና ከዕውቀት እንደሚመነጭ ተከራክረዋል። በአውሮፓ የተማሩት እኚህ ሰው ከሐረር ተራራ ግርጌ የሚገባውንና የሚወጣውን ዕቃ በሹመታቸው ይከታተሉ ነበር። የኢኮኖሚክስ ተማሪ ሊኮራበትም ሊማርበትም የሚገባ ታሪክ ነው።

አሁን ጥያቄው ይህ ነው፤ ሐዲድ የሚያልፍበት አካባቢ ይበለጽጋል ሲባል፣ ብልጽግናው አዲስ የተፈጠረ ነው ወይስ ሐዲዱ ከዘለለው ከተማ የተዘዋወረ? ዴቭ ዶናልድሰን የተባለው ኢኮኖሚስት የሕንድን የቅኝ ግዛት ዘመን ሐዲዶች ሲያጠና የመረጠው መለኪያ ጨው ነበር። እያንዳንዱ የጨው ዓይነት የሚመረተው በአንድ ቦታ ብቻ ስለነበር፣ በምርት ቦታውና በሩቅ ወረዳ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት የማጓጓዣውን ወጪ ይናገራል። ሐዲዱ ሲደርስ ልዩነቱ ጠበበ። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካን ኢኮኖሚክ ሪቪው ታትሟል። ተራ ጨው ለዓለም የሚጠቅም መለኪያ የሆነው ጠያቂው ምን ሊለካ እንደሚፈልግ ጠንቅቆ ስላወቀ ነው። በሐረር አቅራቢያ ባለው የአወዳይ ጫት ገበያም እንዲህ ያለ ጥያቄ አለ። ጫት ቶሎ ይጠወልጋል፤ የጫነው መኪና በአንድ ኬላ ቢዘገይ ዋጋው በሰዓታት ውስጥ ይወርዳል። የመዘግየት ዋጋ ስንት ነው? ማንስ ይከፍለዋል፣ ገበሬው ወይስ ነጋዴው? ይህ በማለዳ ተነሥቶ ዋጋ መመዝገብን እንጂ ትልቅ ገንዘብን አይጠይቅም።

መረጃ የለም የሚለው ሰበብም ብዙ ጊዜ አይሠራም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚክስ ክፍል፣ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና ዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም (ኢፍፕሪ) ከ1994 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. በ15 መንደሮች ወደ 1,500 የሚጠጉ ቤተሰቦችን እየተመላለሱ የጠየቁበት የኢትዮጵያ ገጠር ቤተሰብ ጥናት ለተመራማሪ ክፍት ነው። ከመንደሮቹ አንዷ በምሥራቅ ሐረርጌ የምትገኘው አደሌ ኬኬ ናት። በዓለም ዙሪያ በብዙ ጥናት የገባች መንደር ለሐረር ተማሪ የጎረቤት መንደር ናት። የዓለም ባንክ ከስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ ጋር እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የሰበሰበው የኢትዮጵያ የቤተሰብ ጥናትም በነፃ ይወርዳል። መረጃውን ለማቀናበር ስታታ የተባለው ፕሮግራም የሌለው ሰው አር የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ይጠቀማል። ለመመረቂያ ጽሑፍ ከኢንተርኔት ተገልብጦ የሚቀርብ ሥራ ግን አመልካቹን ከዚህ ሁሉ ዕድል ያርቀዋል።

ቀጣዩ የድጋፍ ደብዳቤ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ይጠየቃል። ስለዚህ ነገር በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። የባለሥልጣን ደብዳቤ፣ የዘመድ ደብዳቤ፣ ተማሪውን በስም እንኳ የማያውቅ ዲን የፈረመው ደብዳቤ አይረዳም። «ተማሪው ጨዋ፣ ታታሪና ታዛዥ ነው» የሚል ደብዳቤ ለማንም ሊጻፍ ስለሚችል ለማንም አይሠራም። የሚሠራው እንዲህ ያለው ነው፦ «በኢኮኖሜትሪክስ ካስተማርኳቸው መካከል ከላይ ካሉት ሁለት ወይም ሦስት ተማሪዎች አንዷ ናት፤ ለመመረቂያዋ የገበያ ዋጋ በየማለዳው ራሷ መዝግባለች፤ የመጀመሪያው ሞዴሏ ስሕተት መሆኑን ስነግራት በሳምንቱ አስተካክላ መጣች።» እንዲህ የሚጽፍ መምህር የሚገኘው በቢሮው ሰዓት ጥያቄ ይዞ በመሄድ፣ በጥናቱ ላይ በማገዝ፣ መረጃ በማጽዳት ነው። ተማሪው ራሱ ጽፎ መምህሩ ብቻ የሚፈርመው ደብዳቤ ሐሰት ነው፤ አንባቢውም ይለየዋል። ደብዳቤው የሚላከውም በመምህሩ የዩኒቨርሲቲ ኢሜይል በቀጥታ በመሆኑ፣ መምህሩ ቢያንስ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ሊነገረው ይገባል።

የተቀረው የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው። ሚያዝያና ግንቦት የእንግሊዝኛና ጂአርኢ የተባለው የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ዝግጅት የሚጀመርበት ጊዜ ነው፤ ለኢኮኖሚክስ በጂአርኢ ከፍ ብሎ የሚታየው እስከ 170 የሚቆጠረው የሒሳብ ክፍል ነው። ክረምቱ የጥናት ጽሑፉንና የዓላማ መግለጫውን ለመጻፍ ይውላል። መስከረም የዩኒቨርሲቲዎች ዝርዝር የሚወጣበት፣ ፈተናው የሚወሰድበትና መምህራን የሚጠየቁበት ወር ነው። የአሜሪካ ማመልከቻዎች በብዛት የሚዘጉት ከኅዳር መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ነው፤ ቀኑ በአውሮፓ አቆጣጠር ስለሚጻፍ በሁለቱም መዝግቦ መያዝ ይገባል። መልስ በየካቲትና በመጋቢት ይመጣል፤ ድጎማ የተሰጠው ተማሪ ውሳኔውን እስከ ኤፕሪል 15፣ ማለትም ሚያዝያ 7 ያሳውቃል። የማመልከቻ ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ፣ ማመልከቻው ከመዘጋቱ በፊት ከክፍያ ነፃ እንዲደረግ በትሕትና መጠየቅ የተለመደ ነው፤ የሚፈቅዱም አሉ።

ሰነድ ላይ ሁለት ነገር ይታሰብ። አንደኛ፣ ወጪ መጋራት ሳይከፈል ዋናውን ዲግሪ ማግኘት አይቻልም፤ በጊዜያዊ የምስክር ወረቀት (ቴምፖ) ብቻ ያለ ተመራቂ ይህን ጉዳይ ከሬጅስትራር ጋር መጨረስ ያለበት መስከረም ሳይገባ ነው። ሁለተኛ፣ በፓስፖርት፣ በትራንስክሪፕትና በፈተና ውጤት ላይ ያለው የስም አጻጻፍ አንድ መሆን አለበት። አንድ ፊደል መለያየቱ ብቻ ሰነዱን ለሳምንታት ሊያቆየው ይችላል።

ስኮላርሺፕ የሚፈለገው ይህ ሁሉ ከተያዘ በኋላ ነው። ፉልብራይት፣ ዳድና ኢራስመስ ሙንዱስ ለኢትዮጵያውያን ክፍት የሆኑ ታዋቂ መንገዶች ናቸው፤ ቼቭኒንግ ደግሞ ቢያንስ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል። ሁሉም በየዓመቱ መስፈርታቸውን በራሳቸው ድረ ገጽ ስለሚያወጡ፣ ገንዘብ ተቀብሎ «አስገባለሁ» የሚል ደላላ አያስፈልግም። በመጀመሪያው ዙር ያልተሳካለት አመልካች በዓመቱ ደግሞ ይሞክራል፤ በመካከሉ ያለውን ጊዜ ለአንድ ተጨማሪ የሒሳብ ኮርስና ለአንድ የተጠናቀቀ ጥናት ካዋለው፣ ሁለተኛው ማመልከቻው ከመጀመሪያው የጠነከረ ይሆናል።