በጣና ሐይቅ ስለሚኖሩት ትናንሽ የመንጋ ዓሦች



የተፈጥሮ ትምህርት መጽሐፍ ስለ ዓሣ ሲናገር ብዙ ጊዜ የሚጠራው የባዕድ አገር ዓሣ ነው። ተማሪው ሳልሞን በባሕርና በወንዝ መካከል መመላለሱን ያጠናል፤ ከባሕር ዳር ከተማ ማዶ በመንጋ ስለሚዋኘው፣ ርዝመቱ 10 ሳንቲ ሜትር ስለማይሞላው ፍጥረት ግን አንድ ቃል ሳይሰማ ትምህርቱን ይፈጽማል።

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተኛ፣ ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ፣ ጥልቀቱ ግን እጅግ በጠለቀው ስፍራ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ብቻ የሆነ ሐይቅ ነው። ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዘ ጢስ ዓባይ ላይ ቁልቁል ስለሚወረወር፣ ከታች ያለው ዓሣ ወደ ላይ ሊወጣ አይችልም። በዚህ ምክንያት ብዙዎቹ የጣና ዓሦች በሌላ ስፍራ የማይገኙ ሆነዋል።

ከትናንሾቹ አንዱ ሁሚሊስ የተባለው ነው፤ በዳርቻው ይሰማራል፣ ከጭቃውም ትላትል ይለቅማል። ሌላው ታናፔላጊየስ ይባላል፤ ትርጓሜውም የጣና ሰፊ ውኃ ነዋሪ እንደ ማለት ነው። ይህ ዓሣ ከዳር ርቆ፣ ዳፍንያንና እርሱን የመሳሰሉትን ተንሳፋፊ ጥቃቅን እንስሳት እየለቀመ ይኖራል። ታንኳ የሚቀዝፉ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ በላዩ ሲመላለሱ የኖሩበት ይህ ፍጥረት ራሱን የቻለ ዝርያ መሆኑ በሊቃውንት ጽሑፍ የተገለጸው ግን እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2000 ዓ.ም. ነው።

እንዲህ ያሉ ዓሦች በመንጋ የሚሄዱት አለቃ ኖሯቸው አይደለም። እያንዳንዱ በዓይኑ ጎረቤቱን ያያል፤ በጎኑ ላይ በተሰለፉት ቀዳዶች ደግሞ የውኃውን ንቅናቄ ይሰማል፤ አንዱ ሲታጠፍ ሌላውም ይታጠፋል። አዳኙ ብዙ አካል በአንድነት ሲገለባበጥበት አንዱን ለይቶ መያዝ ይቸግረዋል። በሶማሊያ በረሃ ሥር፣ ብርሃን በማይደርስበት ውኃ የሚኖረው ፍሬያቲክቲስ ግን ዓይኑንም ቅርፊቱንም አጥቷል። ዓይን የሚጠቅመው ብርሃን ባለበት ነውና፤ ጣናም ከደጋው በሚታጠበው አፈር እየደፈረሰ ሲሄድ ትናንሾቹ ዓሦች የሚከፍሉት ዋጋ ይኖራል።

አዳኙስ ማን ነው? በሐይቁ ከሚኖሩት 15 የትልልቅ ባርብ ዝርያዎች መካከል ስምንቱ ዓሣ በል ናቸው። መንጋጋቸው ጥርስ የለውም፤ የያዙትን እንዳለ ይውጣሉ፤ ስለዚህ ምግባቸው በአብዛኛው ይኸው ትንሹ ዓሣ ነው። ከሐይቁ ዳር ባለ ገበታ ላይ የሚቀርበው ትልቅ ዓሣ፣ ሥጋውን ያበጀው ከእነዚህ ነው ማለት ይቻላል። እሸቴ ደጀን በ2003 (እ.አ.አ.) ባቀረቡት ጥናት ትናንሾቹን ለገበያ ማጥመድ ይቻል እንደሆነ መርምረዋል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የሕዝቡ ቁጥር እየጨመረ ሄዷልና። ነገር ግን በሞተር ጀልባ መረብ መዘርጋት ከተጀመረበት ከ1986 (እ.አ.አ.) ወዲህ ትልልቆቹ ባርቦች በጣም ቀንሰዋል። በላይ መረብ፣ በታች ረኃብ ቢደርስባቸው ምን ይተርፋል?

ሌላም ጠላት አለ፤ ይኸውም ሊጉላ የተባለው ትል ነው። እንቁላሉ ከወፍ ኵስ ጋር ወደ ውኃ ይወድቃል፤ የተፈለፈለውን ትል ጥቃቅን ተንሳፋፊ እንስሳ ይውጠዋል፤ እንስሳውን ዓሣው ይበላዋል። ትሉ በዓሣው ሆድ ውስጥ እንደ ነጭ ጥብጣብ ያድጋል፣ እንዳይራባም ያደርገዋል። ዓሣውም ደክሞ ወደ ውኃው ፊት ሲወጣ ወፍ ያነሣዋል፤ ትሉም በወፉ አንጀት ውስጥ እንቁላሉን ይጥላል። በሐይቁ አጠገብ ላለ ትምህርት ቤት ይህን ለማሳየት አንድ ምላጭ፣ አንድ ሳሕን፣ ከአጥማጆችም የተለመነ እፍኝ ትንሽ ዓሣ ይበቃል፤ ሆዱ ያበጠውን መርጦ መክፈት ነው።