ሕዝብ የተከለከለው፣ ወታደር የታዘዘው ቀሚስ
(በአንድ የውይይት ምሽት የተደረገ ንግግር)



የስኮትላንድ ወንዶች የሚለብሱትን ሽንሽን ቀሚስ፣ ኪልቱን፣ በፊልምም በሰልፍ ሙዚቃም አይተን ስቀን አልፈናል። እኔ ግን ዛሬ የወታደሩንና የሲቪሉን ለይታችሁ እንድታዩልኝ እፈልጋለሁ። ልዩነቱ የመርፌና የክር ብቻ አይደለማ!

የሲቪሉ ኪልት ከኋላ ሲሸነሸን አብዛኛውን ጊዜ የጨርቁ ዳማ እንዳይፈርስ ተጠብቆ ነው፤ ፊቱም ጀርባውም አንድ ይመስላል። የወታደሩ ግን በብዙ ክፍለ ጦሮች አንዱ መስመር በየሽንሽኑ ላይ እየተደገመ እንዲወጣ ሆኖ ይሰፋል። ከፊት ዳማ፣ ከኋላ ቀጥ ያለ መስመር! ከፊት የሚንጠለጠለው ቦርሳም የሲቪሉ ብዙውን ጊዜ ቆዳ ነው፤ የወታደሩ የሰልፍ ቦርሳ ረጅም የፈረስ ፀጉር ይንዠረገግበታል።

ዋናው ነገር ወዲህ ነው። ሲቪሉ ቀለሙን ይመርጣል። የጎሳዬ ነው ይላል፤ ወይም ደስ ስላለው ይገዛል። (የጎሳ ቀለም የሚባለውም ቢሆን አብዛኛው በ19ኛው መቶ ዘመን ነጋዴና ልብስ ሰፊ ያደራጀው ነው።) ወታደሩ የታደለውን ይለብሳል። ብላክ ዎች የተባለው ጦር የታወቀበት ጥቁር ሰማያዊና አረንጓዴ ጨርቅ ዛሬም ስሙ «የመንግሥት ታርታን» ነው።

ለምን? በ1746 (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የስቱዋርትን ዘር ወደ ዙፋን ለመመለስ ያመፁት ኩሎደን ላይ ድል ሲሆኑ፣ የለንደን ፓርላማ የደገኞቹን ልብስ በሕግ አገደ። የለበሰ ስድስት ወር ይታሰራል፤ ደግሞ ከተገኘ ለሰባት ዓመት ባሕር ማዶ ይጋዛል። ነፃ የተደረገው ማን ነበር? የንጉሡ ወታደር! አንዱን ወህኒ የሚያወርድ ቀሚስ ሌላውን ደመወዝ ያስበላ ነበር ማለት ነው። ሕጉ የተሻረው በ1782 ነው።

«ልብሱን ከመጥፋት ያዳነው ሠራዊቱ ነው» የሚሉ አሉ። አልክድም፣ እውነትነት አለው። ግን ከልካዩም «አዳንኩት» ባዩም አንድ መንግሥት ነበር እኮ! አውልቆ ያስጣለ እጅ ሲያለብስ ምስጋና ይጠይቃል እንዴ?

በ2006 ደግሞ የስኮትላንድ እግረኛ ክፍለ ጦሮች ወደ አንድ ሲጠቃለሉ፣ ለተራው እግረኛ የየክፍለ ጦሩ ቀለም ቀርቶ ያው «የመንግሥት ታርታን» ታደለው። ጦሮቹ እንዳይጠቃለሉ ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ ተቃውሞ ነበር፤ ውሳኔው ግን አልተቀለበሰም። ሲቪሉ ዛሬም ለሠርጉ የወደደውን ቀለም መርጦ ያሰፋል።