ከባትሪ እስከ ጋቢና፤ ስለ አንድ ወፍራም ገመድ
(በተማሪዎች ማኅበር የዓርብ ምሽት ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)



ባለፈው ጊዜ ከዚህ ሥፍራ የተናገሩት ጓደኞቻችን ስለ አገር ዕድገት ሰፊ ሐተታ አቅርበው ነበር። የእኛ ርእስ ከዚያ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጠባብ ነው፤ ርዝመቱም አምስት ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከካሚዮን ባትሪ ተነሥቶ ወደ ሾፌሩ ጋቢና ስለሚገባ ገመድ እንናገራለን። «ለዚህ ነው ወይ የተሰበሰብነው?» የሚል ቢኖር፣ ታሪኩን እስኪሰማ ድረስ እንዲታገሠን እንለምናለን።

ከቂሊንጦ ወደ ቃሊቲ የሚወርድ ሁሉ እንደሚያየው፣ በጉምሩኩ አካባቢ መንገድ ዳር ይዘው የሚቆሙት ካሚዮኖች ብዙ ናቸው። የኤሌክትሪኩ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ቢመረቅም፣ ከጅቡቲ የሚመጣው ጭነት አብዛኛው ዛሬም የሚጓዘው በጎማ ነው። ሾፌሩና ረዳቱ የጋላፊን፣ የሚሌንና የአዋሽን ሐሩር አልፈው እዚህ ሲደርሱ ሥራቸው አለቀ ማለት አይደለም፤ ወረቀቱ እስኪያልቅ ድረስ በጋቢናቸው ያድራሉ። ጋቢና ለእነርሱ መኝታ ቤትም ማዕድ ቤትም ነው። ስለዚህ ስልክ የሚሞላበት፣ ሻይ የሚፈላበት ኃይል ይፈልጋሉ፤ ይህንንም የባትሪውን 24 ቮልት ወደ 220 ቮልት በሚለውጥ ኢንቨርተር ያገኙታል። የሲጋራ ማቀጣጠያው ሶኬት 10 ወይም 15 አምፔር ያህል እንጂ ከዚያ በላይ ስለማይችል፣ ለኢንቨርተሩ ከባትሪው የተለየ ገመድ መሳብ ግድ ይሆናል።

ገመዱን የሚገዛው ማን ነው? የመኪናው ባለቤት «ከፋብሪካ ሲወጣ ያልነበረውን እኔ አልገዛም» ይላል። ስለዚህ ሾፌሩ ከአበሉ ቀንሶ ይገዛል፤ ከአበል ተቀንሶ የሚገዛ ገመድ ደግሞ ቀጭን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ለቤት ሶኬት የሚዘረጋው ባለ 2.5 ገመድ ነው።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። 1,000 ዋት የሚወስድ የሻይ ማፍያ፣ ኢንቨርተሩ ራሱ የሚያባክነው ሲጨመርበት፣ ከ24 ቮልት ባትሪ 46 አምፔር ያህል ይስባል። ገመዱ ሄዶ ይመለሳልና አምስቱ ሜትር አሥር ሜትር ይሆናል። ይህን ያህል ባለ 2.5 የመዳብ ገመድ 0.07 ኦም መቋቋሚያ አለው፤ በ46 ሲባዛ 3.2 ቮልት በመንገድ ላይ ይቀራል፤ 148 ዋት ያህልም ገመዱን ያሞቃል። ባለ 16 ገመድ ቢሆን ኖሮ የሚጠፋው ግማሽ ቮልት፣ ሙቀቱም 23 ዋት ብቻ በሆነ ነበር። የአባ ሳሙኤል ጣቢያ የአቃቂን ወንዝ ኃይል ወደ ከተማ የላከው በከፍተኛ ቮልቴጅ ስለ ነበረ፣ ለዚያ ሁሉ ርቀት የማይከብድ ሽቦ በቅቶታል። ካሚዮኑ ግን ቮልቱ ጥቂት ስለ ሆነ አምፔሩ ይበዛል፤ አምፔር ሲበዛ ደግሞ መዳብ ይጠይቃል።

አሁን ወደ ሾፌሩ እንመለስ። ማፍያውን ሲያበራ ባትሪው ዘንድ 24 የነበረው ቮልት ኢንቨርተሩ ዘንድ ከ21 በታች ይደርሳል፤ ኢንቨርተሩም ይጮኽና ይዘጋል። ሾፌሩ ምን ይላል? «ባትሪዬ ሞቷል» ይላል። ገመዱን የሚጠረጥር የለም። ደኅናውን ባትሪ ጥሎ አዲስ የገዛ ሰው በዓይናችን አይተናል፤ አዲሱም በዚያው ገመድ ጮኸ።

ሌላም አለ። ሁለቱ ባለ 12 ባትሪዎች ተከታትለው ታሥረው 24 ይሰጣሉ። አንዳንዶች የ12 ቮልት ሬዲዮ ለማሠራት ከአንዱ ባትሪ ብቻ ይቀጥላሉ። ያኛው ዕለት ዕለት እየጎደለ፣ ሌላው ከመጠን በላይ እየተሞላ፣ ሁለቱም ያለ ዕድሜያቸው ያልቃሉ። ከ24 ወደ 12 የሚያወርደው ዕቃ ከባትሪ በብዙ ይረክሳል፤ ቢሆንም ሰው የሚገዛው ባትሪውን ነው።

እስከዚህ ድረስ የሌላውን ስሕተት ተናገርን። አሁን የራሳችንን እንናገር።

በዕረፍታችን ወራት ቃሊቲ ውስጥ ባለ አንድ ጋራዥ እየሄድን እንሠራ ነበር። አንድ ሾፌር ለምኖን ገመድ ዘረጋንለት። ባለ 16 መረጥን፤ ጫፉንም በካፖኮርዳ ጨመቅነው፤ ሥራችንም አማረን። ፊውዙን ግን ለሾፌሩ እንዲቀርበው በማለት ጋቢና ውስጥ፣ ከኢንቨርተሩ አጠገብ አደረግነው።

ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ መኪናው ለጥገና ተመለሰ። የእነዚህ ካሚዮኖች ጋቢና ሞተሩ እንዲታይ ወደ ፊት ይደፋል። ገመዱን የሳብነው ግን ጋቢናው የሚንቀሳቀስ መሆኑን ረስተን፣ ወጥረን ነበር። ጋቢናው ሲደፋ ገመዱ ተስቦ በብረቱ ጠርዝ ላይ ተላጠ፤ መዳቡም ሻንሲውን ነካ። ፊውዙ አልተቃጠለም፤ ለምን ይቃጠላል? አደጋው የደረሰው በባትሪውና በፊውዙ መካከል ነው፤ በፊውዙ በኩል ያለፈ ኃይል የለም። እንዲህ ያለ ባትሪ በቀጥታ ከብረት ጋር ሲገናኝ ከሺህ አምፔር በላይ መስጠት ይችላል። የገመዱ ልባስ ከዳር እስከ ዳር ጨሰ። ረዳቱ፣ ዕድሜው ከእኛ የማይበልጥ ልጅ፣ ሮጦ ገመዱን በእጁ ከባትሪው ነቀለ። መኪናው ተረፈ፤ የእርሱ መዳፍ ግን ተቃጠለ።

የጋራዡ አንጋፋ ኤሌክትሪሺያን፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው፣ አልተቆጡንም። የተቃጠለውን ገመድ አንሥተው፣ «ልጆቼ፣ ፊውዙን ያስቀመጣችሁት ለማን ነው? ለኢንቨርተሩ ነው ወይስ ለገመዱ?» ብለው ጠየቁን። መልስ አልነበረንም። ፈተና ላይ ቢመጣ ግን ሁላችንም እንመልሰው ነበር፤ እስከ ዛሬ የሚያሳፍረንም ይኸው ነው።

በማግሥቱ ከእርሳቸው ጋር እንደ ገና ዘረጋነው። ባለ 60 ፊውዙ ከባትሪው ራስ አንድ ስንዝር በማይሞላ ርቀት ላይ ተቀመጠ፤ ከእርሱ በኋላ ገመዱ የትም ቢላጥ ይቆርጠዋል። ጋቢናው በሚታጠፍበት ቦታ ገመዱን አላልተን፣ በቱቦ ውስጥ አሳልፈን፣ ጋቢናውን ደፍተንና መልሰን አየነው። ብረቱን በስተን ባስገባንበት ቀዳዳ የጎማ ቀለበት አደረግን። ኔጋቲቩንም በሻንሲው ዝገት ላይ ሳንተማመን እስከ ባትሪው መለስነው። ጋሼ አንድ ነገር ጨመሩልን፤ መርካቶ ሲገዛ የገመዱን ጫፍ በቢላዋ ፋቅ አድርጎ ማየት ይገባል። ከውጭ መዳብ ተቀብቶ ውስጡ ነጭ ከሆነ አሉሚኒየም ነው፤ ባለ 16 ተብሎ ቢሸጥም የባለ 10 ያህል እንጂ ከዚያ የበለጠ አይሠራም።

የረዳቱን ሕክምና ከኪሳችን አዋጥተን ከፈልን። የገመዱንና የፊውዙን ዋጋ ግን ባለቤቱ እንዲከፍል ሾፌሩን ይዘን ሄድን፤ ሦስተኛ ጊዜ ስንመላለስ ከፈለ። ገመዱ የመኪናው አካል ነው፤ ቢቃጠል የሚቃጠለው የእርሱ መኪና ነውና።

የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት በሁለት ሰዓት ከካምፓሱ በር ተነሥተን ወደ ቃሊቲ እንሄዳለን። የቮልት መለኪያ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ማፍያው እየሠራ በባትሪውና በኢንቨርተሩ ዘንድ ለክተን ልዩነቱን ለሾፌሮቹ እናሳያለን። ረዳቱም እጁ ስለ ዳነ አብሮን እንደሚሠራ ነግሮናል።