በደረቅ ምድር የሰፈሩ እንግዶች
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከሁሉ አስቀድሜ በዚህ ዓመት በሞት የተለዩንን አባሎቻችንን ነፍስ ይማር እላለሁ። በተሰጠኝ ጥቂት ደቂቃ፣ ሰው አገሩን ለቆ በማያውቀው ምድር ሲሰፍር ኑሮው ምን እንደሚመስል በአንድ የሩቅ አገር ታሪክ ላስረዳችሁ። ታሪኩ የሩቅ ይሁን እንጂ፣ ዛሬ ከምንነጋገርበት ከአዲስ ገቢዎች መዋጮ ጋር ይገናኛል።

ከእንግሊዝ በስተ ምዕራብ ዌልስ የምትባል አገር አለች። ሕዝቧ የራሱ ቋንቋ አለው። በ19ኛው መቶ ዘመን ግን መሬቱ በባለርስቶች እጅ ስለነበር ገበሬው በኪራይ ያርስ ነበር። በብዙ ትምህርት ቤትም ልጆች በእናታቸው ቋንቋ ሲናገሩ ከተገኙ ይቀጡ ነበር። በዚህ ምክንያት ሚካኤል ጆንስ የሚባሉ ቄስ፣ ቋንቋችንንና ሃይማኖታችንን ይዘን የምንኖርበት ሰፈር እንፈልግ ብለው ሕዝቡን ቀሰቀሱ። የአርጀንቲና መንግሥትም ፓታጎንያ በሚባለው በደቡብ አሜሪካ ጫፍ መሬት እሰጣለሁ አለ። እ.ኤ.አ. በ1865፣ በእኛ በ1857 ዓ.ም.፣ ማለትም በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን፣ 150 ያህል ሰዎች ሚሞዛ በተባለች የሸራ መርከብ ከሊቨርፑል ተነሥተው፣ ከሁለት ወር ጉዞ በኋላ በሐምሌ ወር እዚያ ደረሱ። በመንገድ ላይ የሞቱ ሕፃናት ነበሩ፤ አስከሬናቸውም ለባሕር ተሰጠ።

እስቲ በዓይነ ሕሊናችን እንያቸው። የተነገራቸው ለምለም አገር ነው፤ ያዩት ግን ቁጥቋጦና ነፋስ ብቻ ነው። ሐምሌ በዚያ አገር የብርድ ወር ነው። በባሕሩ ዳር የሚጠጣ ውሃ እንደ ልብ አይገኝም። ወንዙ ቹቡት ይባላል፤ እዚያ ለመድረስ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ደረቅ ሜዳ ማቋረጥ ያስፈልጋል። ብዙዎቹ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ፣ ልብስ ሰፊ፣ አናጢ እንጂ ገበሬ አልነበሩም። እኔ በጽሕፈት ሥራ የኖርኩ ሰው ነኝና ሁልጊዜ የሚታየኝ የስንቁን መዝገብ የያዘው ሰው ነው። ዱቄቱ በየሳምንቱ ሲጎድል እየጻፈ፣ የሰውን ፊት እንዴት ያይ ነበር? ልጅዋን ባሕር ላይ ያስቀረችው እናትስ፣ የምታለቅስበት መቃብር እንኳ የላት፤ ለቅሶ የሚደርሳት ማን ነው? ያው አብሯት በመርከብ የመጣው ሰው ነዋ!

ታዲያ ምን አዳናቸው ቢባል፣ ሁለት ነገር ነው።

አንደኛው ጎረቤት ነው። የዚያ ምድር ባላገሮች ቴዌልቼ ይባላሉ፤ ድንኳን እየነቀሉ በአደን የሚኖሩ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1866 ወደ ሰፋሪዎቹ መጡ። ቋንቋቸው አይገናኝም። ሆኖም እነዚህ ዳቦ ሲሰጡ እነዚያ ሥጋና ቆዳ ይሰጡ ጀመር። ፍራንሲስኮ የሚባለው አለቃቸው ጓናኮ የተባለውን፣ ሻኛ የሌለው ግመል የሚመስል የዱር እንስሳ እንዴት እንደሚታደን አስተማራቸው። ጠመንጃ ይዞ የተራበን ሰው፣ ጠመንጃ የሌለው ሰው አደን አስተማረው ማለት ነው።

ሁለተኛው ቦይ ነው። ዝናብ ስለሌለ የዘሩት ስንዴ ይደርቅባቸው ነበር። ተስፋ ቆርጠው አገሩን ሊለቁ በተሰናዱበት ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በ1867፣ አሮን ጄንኪንስ የሚባል ሰው የወንዙ ውሃ ከማሳው ከፍ ብሎ እንደሚሄድ ተመልክቶ ዳርቻውን በአካፋ ቆፈረና ውሃውን ለቀቀው። ሐሳቡ የሚስቱ የራሔል ነው ይባላል። ስንዴው በቀለ። ከዚያ ወዲያ ሁሉም ቦይ ቆፋሪ ሆነ። ቦይ ደግሞ ለአንድ ሰው አይሆንም፤ አንዱ ይቆፍራል፣ ሌላው ይጠርጋል፣ ውሃው በተራ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ1885 ደግሞ ምርታቸውን በኅብረት የሚሸጡበት የንግድ ማኅበር አቋቋሙ። ዛሬ ትሬሌው፣ ራውሰንና ጋይማን የተባሉት ከተሞች በዚያ ሸለቆ ይገኛሉ። የዌልስ ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎች እስከ አሁን አሉ።

ነገር ግን ሁሉን እንናገር ካልን፣ ለቴዌልቼዎች ነገሩ እንዲህ አላማረም። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1885 የአርጀንቲና ጦር ዘምቶ ባላገሮቹን ገደለ፣ ማረከ፣ ከመሬታቸው አፈናቀለ። የሰፋሪዎቹ መሪዎች በ1883 ለጎረቤቶቻቸው ምሕረት ለመኑ፤ ልመናቸው ጦርነቱን አላቆመውም። እንግዳ የተቀበለ ሁሉ ውለታው ይመለስለታል ማለት አይቻልም።

እንግዲህ ወደ ራሳችን ጉዳይ ልመለስ። ከመካከላችን አንዳንዶች፣ እኛ በብዙ ዓመት መዋጮ የገዛነውን ድንኳን፣ ወንበርና ድስት ትናንት የመጣ ተከራይ እንዴት ይካፈለናል ይላሉ። ስጋታቸውን አልንቅም። ስለዚህ አዲስ ገቢ መግቢያውን ይክፈል፤ ግን በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየወሩ ከፋፍሎ ይክፈል። ድንኳን ሲተከል ይምጣ፣ ወንበር ይሸከም፣ መቃብር ሲቆፈር ይገኝ። የኛ ቦይ ይኸው ነው። ከፍሎ ሳይጨርስ ሐዘን ቢደርስበት ግን ድንኳኑ ይተከልለት። መዝገቡን አይተን፣ ይህ ሰው አልጨረሰም ብለን፣ ሬሳ ያለበትን ደጅ ዘግተን መቀመጥ አይገባንም።

የቅርብ ጎረቤት ከሩቅ ዘመድ ይሻላል ይላሉ አባቶቻችን። በየሰፈራችን የገባው ሰው ዘመዱን ትቶ የመጣ ነው። ጎረቤቱ ደግሞ እኛ ነን። ይህን አስባችሁ ድምፅ እንድትሰጡ አደራ እላለሁ።